የኦቦ ቶለራ አልጋ ወራሽ

ኦቦ ቶለራ ማረፋቸውን ያረዳኝ ሰው የለም። ራሴ ነኝ በገዛ ጣቴ የጻፍኩት። ቅዳሜ ማለዳ፣ ገና የሱቄን ደጃፍ ሳልጠርግ፣ የእድራቸው ጸሐፊ ገባና በእጅ የተጻፈች አንዲት ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ። "አስቴር፣ ለስድስት ሰዓት ትድረስልኝ። ቤተ ክርስቲያን የምትነበብ ናት" ብሎኝ ደጅ በቆመችው ባጃጅ ተመልሶ ሄደ።

የሕይወት ታሪክ ነበረች። አምቦ ውስጥ የኮምፒውተር ጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሱቅ የከፈተ ሰው፣ የሰው ሞት ከዘመድ ቀጥሎ የሚሰማ እሱ ነው። ልማዴ ስሙን ለመጨረሻ ትቼ ከሁለተኛው መሥመር መጀመር ነው፤ ስሙን ቀድሜ ካየሁት እጄ ይያዛል። "ጌዶ አካባቢ ተወልደው" ብዬ ጻፍኩ። "በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት በጸሐፊነት ለሠላሳ ስምንት ዓመታት" ስል ጣቴ ቆመ። በዚህ ከተማ ሠላሳ ስምንት ዓመት መዝገብ የጻፈ የማውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው።

አለቀስኩ። ከዚያ ቀጠልኩ፤ ቀብር አይጠብቅም። ወረቀቷ መጨረሻ ላይ "የአንድ ልጅ አባት ነበሩ" ትላለች። በቃ፣ ስም የለም። የእድሩ ጸሐፊ የኦቦ ቶለራን የምስጋና ወረቀት አንድ በአንድ ቆጥሮ፣ የልጃቸውን ስም ረስቶታል። እኔ በሥራዬ ከደንበኛ ጽሑፍ ላይ አንዲት ፊደል ጨምሬ አላውቅም። ደንበኛው "ውሃ"ን "ውሐ" ብሎ ቢያመጣ "ውሐ" ብዬ ነው የምሰጠው። ያን ቀን ግን "የአቶ አብዲሳ ቶለራ አባት ነበሩ" ብዬ አስገባሁ። ቢቆጣኝ የምመልሰውንም አዘጋጅቼ ነበር። ጸሐፊው ግን ሊወስድ ሲመጣ አላየውም፤ አጣጥፎ ኪሱ ከተተውና ሄደ።

ለምን እንዲያ እንዳደረግኩ የሚገባው፣ ኦቦ ቶለራን ያወቀ ሰው ነው።

ሱቁን በከፈትኩ በሁለተኛው ዓመት ነው የመጡት። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፋቸውን ይዘው እርስ በርስ የሚጋፉበት ወቅት ነበር። ኮት የለበሱ፣ ጥቁር ጃንጥላ የያዙ ሽማግሌ ከተማሪዎቹ ኋላ ቆመው ተራቸውን ጠበቁ። ተራቸው ሲደርስ በሲባጎ የታሰረ ካኪ ፋይል ፊቴ አስቀመጡ።

"አካም ቡልቴ፣ ኢንታላ ኮ" አሉኝ። እንዴት አደርሽ ልጄ ማለታቸው ነው። ከዚያ ቀን በኋላ በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም።

"ምንድን ነው ኦቦ?"

"መጽሐፍ ነው። ታሪካዊ ልብ ወለድ።"

"ስለ ማን?"

"ስለ አንድ ታላቅ ንጉሥ ልጅ። አባቱን ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ልጁን የሚያውቀው የለም። አልጋ ወራሽ ነበር። ነግሦ እንኳ ሰው የሚጠራው 'የሞቲው ልጅ' እያለ ነው። ዕድሜ ልኩን ታልፎ የኖረ ሰው ነው። እኔ ላነሣው ነው።"

ሞቲ በኦሮምኛ ንጉሥ ነው። የሞቲውን ስም ብጠይቃቸው አልነገሩኝም። "ስሙን ከጻፍኩ፣ ዘሩ ነን የሚሉ ከሳሾች ከጌዶ እስከ ባኮ ይሰለፋሉ። ሞቲው ብቻ ብለሽ ጻፊ" አሉኝ። ለልጁ ግን ስም ሰጥተውት ነበር፣ ኢፋ። ብርሃን ማለት ነው። ስሙ ብርሃን ይሁን እንጂ ፊቱን ለማየት ብዙ ዓመት እንደሚፈጅብን ያን ጊዜ አላወቅኩም።

በየሳምንቱ ሐሙስ ጥቂት ገጽ ይዘው ይመጣሉ። እሳቸው ያነባሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። አጻጻፋቸውን እንዴት ብዬ ልንገራችሁ፤ ሰውየው ሠላሳ ስምንት ዓመት የጻፉት የምስክር ቃል ነው፣ ሌላ አጻጻፍ አያውቁም። ሞቲው ዘመቻ ሲወጡ፣ "ከጠዋቱ በግምት ሁለት ሰዓት ሲሆን በግራጫ ፈረሳቸው ላይ እንዳሉ" ይላል። ኢፋ አንዲት ቆንጆ ያየ ጊዜ ደግሞ እንዲህ አስነበቡኝ፤ "ከዚህ በላይ ስሟ የተጠቀሰችው ወጣት ፈገግ ማለቷን ሁለት የዓይን ምስክሮች አረጋግጠዋል።"

እኔ ሳቄ መጣ።

"ምን ያስቅሻል?"

"ፍቅር ላይ ምስክር ምን ይሠራል ኦቦ ቶለራ?"

"ምስክር ከሌለውማ ሐሜት ነው" አሉኝ፣ የጃንጥላቸውን ጫፍ ወለሉ ላይ መታ እያደረጉ።

ትረካው በአማርኛ ነው፤ ሞቲው ሲቆጡ ግን በኦሮምኛ ነው የሚቆጡት። ቁጣ ትርጉም አይወድም ይላሉ። ቁጣው ደግሞ ብዙ ነው። እኔ በልጅነቴ ከጎረቤት የቀሰምኩት ኦሮምኛ ለሰላምታና ለገበያ እንጂ ለንጉሥ ስድብ አይበቃም ነበር። በኦቦ ቶለራ ምክንያት አሻሻልኩ። ዛሬ ባጃጅ ነጂ ቢሳደብ አፌን ሞልቼ እመልስለታለሁ።

ከሁሉ ያስቸገረኝ ግን መሰረዝ አለመፍቀዳቸው ነበር። መዝገብ አይሰረዝም፤ ስርዝ ድልዝ ያለበት ሰነድ ዳኛ ፊት ዋጋ የለውም። ስለዚህ የተሳሳቱትን የሚያርሙት ከኋላ በመጨመር ነው። አንድ ቀን፣ ገደል ገብቶ የሞተው የሞቲው ፈረስ ለሌላ ዘመቻ አስፈለጋቸው። ምን ቢያስጽፉኝ ጥሩ ነው? "በገጽ አርባ አንድ ሞተ የተባለው ፈረስ በስሕተት ስለሆነ፣ በሕይወት እንዳለ ተቆጥሮ ይነበብ።"

"ኦቦ ቶለራ፣ ይኼ እኮ ኮምፒውተር ነው። አንዲት ቁልፍ ስነካ ፈረሱ መሞቱን ማንም አያውቅም።"

"እኔ አውቃለሁ፤ አንቺም ታውቂያለሽ። ሁለት ምስክር ከበቂ በላይ ነው።"

ይህች "ተቆጥሮ ይነበብ" የምትባል ነገር ከመጽሐፉ ወጥታ ሱቄን ወረሰችው። ተማሪዎቹ ፎቶ ኮፒ ተበላሽቶ ሲወጣባቸው "ደህና እንደወጣ ተቆጥሮ ይነበብ" ይሉኛል። እሳቸው ራሳቸው አንድ ክረምት ከአናታቸው እስከ እግራቸው በስብሰው ገብተው፣ "እንዳልዘነበ ተቆጥሮ ይነበብ" ብለውኝ እየተንቀጠቀጡ ማስጻፍ ጀመሩ።

ለመረጃ ብለው በገበያ ቀን ጌዶ ይሄዳሉ፣ ሽማግሌዎች ይጠይቃሉ። በሚኒባስ ተጨናንቀው ሲመለሱ የሞቲውን ሦስት አዲስ ገድል ይዘው ነው።

"ስለ ልጁስ ምን አሉዎት?" እላቸዋለሁ።

"ስለ ልጁ ስጠይቅ ሁሉም 'አዎ፣ ልጅ ነበራቸው' ይሉኛል። ከዚያ ስለ ፈረሱ ይነግሩኛል።"

ነገሩ የከነከነኝ ሁለት መቶ ገጽ ስንደርስ ነው። ስለ ልጁ ነው በተባለ መጽሐፍ ውስጥ ልጁን አጣሁት። ምዕራፉ በኢፋ ይጀምራል፤ ኢፋ ጠዋት ይነሣል፣ ፊቱን ይታጠባል፣ ወዲያው ሞቲው በፈረስ ይገቡና ምዕራፉን እንዳለ ይዘውት ይሄዳሉ። አንድ ቀን ሥራ ሲፈታ ልጁ እስከዚያ ገጽ ድረስ የተናገረውን ሁሉ ፈልጌ አንድ ወረቀት ላይ አተምኩላቸው። አራት መሥመር ናት። "እሺ አባቴ። እሺ አባቴ። ፈረሱ ውሃ ጠጥቷል። እሺ።"

ኦቦ ቶለራ መነጽራቸውን አድርገው ደጋግመው አነበቡት። "ይኼ የእኔ ጽሑፍ ነው?" አሉ። ነው አልኳቸው። ያን ሐሙስ ሳያስጽፉ ሄዱ።

ከዚያ ሞቲውን ከመጽሐፉ ለማራቅ ያላደረጉት የለም። ሩቅ አገር አዘመቷቸው፤ ሞቲው በሁለት ገጽ ድል አድርገው ተመለሱ። ታመሙ ተባለ፤ ሕዝቡ ጸለየና ዳኑ። በመጨረሻ ተስፋ ሲቆርጡ በምዕራፍ ስምንት ገደሏቸው። እኔም እፎይ፣ አሁን ልጁ ሊናገር ነው ብዬ ስጠብቅ ለቅሶው ጀመረ። አርባ ገጽ ለቅሶ። ስንት አገር ሰው መጣ፣ ማን ምን ብሎ ሙሾ አወረደ፣ ሁሉም በየስሙ ተመዘገበ።

"ኦቦ ቶለራ፣ ኢፋ የታለ?"

"ለቀስተኛ እያስተናገደ ነዋ። ይኼ ሁሉ ሰው መጥቶ ማን ውሃ ይስጠው?"

በምዕራፍ ዘጠኝ ኢፋ ነገሠ። በሁለተኛው ገጽ ሞቲው በሕልሙ መጡ፤ ያውም በፈረስ።

ያን ዕለት እኔ ከሳቅ ብዛት እንባዬን ስጠርግ፣ እሳቸው አልሳቁም። መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። የዓይን ግፊት ይዟቸው እንደነበር ያን ቀን ነው የነገሩኝ። ብርሃናቸው ከዳር ከዳር እየጠበበ ነው።

"ኢንታላ ኮ፣ ይህ ልጅ አፉን ከፍቶ ካልተናገረ መጽሐፉን አላሳትመውም። ዓይኔ ሳይዘጋ መናገር አለበት። ግን ምን እንደሚል አላውቅም። ሠላሳ ስምንት ዓመት የሰው ቃል ጻፍኩ፤ ቀርቦ የተናገረ ሰው ቃል። ቀርቦ ያልተናገረን ሰው ከየት አምጥቼ ልጻፈው?"

ፋይላቸውን በሲባጎው አስሬ መለስኩላቸው።

የራሳቸውን ልጅ ከዚያ በፊት ሁለት ሦስቴ አይቼዋለሁ። አብዲሳ ባኮ ነው የሚሠራው፣ የበቆሎ ምርምር ላይ። አርባን ያለፈ፣ ዝምተኛ፣ አንገቱን ሰበር የሚያደርግ ሰው ነው። በዓመት ሁለቴ እሸት በቆሎ በማዳበሪያ ከረጢት ሞልቶ ይመጣል፣ አባቱን ተከትሎ ሱቄ ይገባል። መጀመሪያ ሲያስተዋውቁኝ "ይህ አብዲሳ ነው። በቆሎ ነው" አሉኝ።

እኔም ለወጉ፣ "በቆሎ ላይ ምንድን ነው የምትሠራው?" አልኩት።

"ዝርያ..." ብሎ ጀመረ።

"ዝርያ ያዳቅላል" አሉ አባቱ።

"ባኮስ እንዴት ነው?"

"ባኮ..."

"ባኮ ሞቃት ነው፣ ትንኙ አያስተኛም። እኔ አንድ ሌሊት አድሬ በቃኝ። ዳኛ ሆኖ እዚህ አጠገቤ መቀመጥ ይችል ነበር።"

አብዲሳ ፈገግ ብሎ የአባቱን ጃንጥላ ተቀብሎ ያዘ። እኔም ያኔ ምንም አልታየኝም። ጨዋ ልጅ ነው ብዬ አለፍኩ። ሰው ዓይኑ ሥር ያለውን አያይም የሚባለው ለኦቦ ቶለራ ብቻ አልነበረም።

ከለቅሶው ምዕራፍ በኋላ ነው፤ አንድ ሐሙስ አብዲሳ አባቱን አዲስ አበባ ወስዶ ዓይናቸውን ሊያሳክም መጣ። ኦቦ ቶለራ የሪፈር ወረቀታቸውን ሊያወጡ ጤና ጣቢያ ሄዱ፤ "አንተ እዚህ ጠብቀኝ" ብለውት አብዲሳ ሱቄ ቀረ። በርጩማ አቀረብኩለት።

"አባቴ ምንድን ነው የሚያስጽፉሽ?" አለኝ።

"አልነገሩህም?"

"የፍርድ ቤት ትዝታቸውን ይመስለኛል።"

ስክሪኑን ወደሱ አዞርኩለት። ባላዞርኩለት ኖሮስ ብዬ በኋላ ፈርቻለሁ፤ ያን ጊዜ ግን ተንኮልም ደግነትም አልነበረም፣ ወሬ ነው። እኔ የሰው መታወቂያ እያባዛሁ እሱ አነበበ። ሁለቴ ድምፅ አውጥቶ ሳቀ፤ አንዱ የፈረሱ ላይ መሆኑን አውቃለሁ። ለቅሶው ላይ ሲደርስ ግን ሳቁ ቆመ። አርባውንም ገጽ አንድ በአንድ አነበበው።

"አስቴር፣ ይህ ልጅ ለምን ዝም እንደሚል አባቴ የገባቸው አይመስለኝም" አለኝ።

"ፈርቶ ነዋ። እንደዚያ ያለ አባት ማን አይፈራም?"

"አይደለም" አለ። እንደዚያ በርግጠኝነት ሲናገር ሰምቼው አላውቅም ነበር። "አባትየው ሰው ሲሰማቸው ነው ደህና የሚሆኑት። ልጁ ይህን ገና በልጅነቱ አውቆታል። እናቱ ከሞተች ወዲህ ቤቱ ውስጥ የሚሰማቸው እሱ ብቻ ነው። እሱም ልናገር ካለ እሳቸውን ማን ይስማቸው? ስለዚህ ተወላቸው። ፈርቶ አይደለም፤ አሳዝነውት ነው።"

በመጽሐፉ ውስጥ የኢፋ እናት አልሞተችም። ይህን ልነግረው አፌን ስከፍት ቀና አልኩ። ኦቦ ቶለራ የሪፈር ወረቀታቸውን ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል። መቼ እንደደረሱ አላውቅም። አብዲሳ ደንግጦ ከበርጩማው ተነሣ።

እኔ ቁጣ ጠበቅኩ፣ በኦሮምኛ። ኦቦ ቶለራ ግን ወደ ልጃቸው ሳያዩ ወደኔ መጡ።

"ኢንታላ ኮ፣ የለቅሶውን ምዕራፍ አውጪው።"

አወጣሁት።

"ሰርዢው።"

የሰማሁትን ማመን አቃተኝ። "በስሕተት ስለሆነ፣ እንዳልሞቱ ተቆጥሮ ይነበብ ልበል?" አልኳቸው።

"አይነበብም። ሰርዢው አልኩሽ፣ አርባውንም ገጽ፣ ምዕራፍ ዘጠኝንም። ሞቲው አልሞቱም። ልጁ ሳይናገር አይሞቱም።"

ሰረዝኩት። ከዚያ አብዲሳን ክንዱን ይዘው፣ "እንሂድ፣ መኪናው ያመልጠናል" አሉትና ወጡ። በመስኮት አየኋቸው። እስከ መናኸሪያው መታጠፊያ ድረስ ኦቦ ቶለራ ምንም ሲናገሩ አላየሁም።

አዲስ አበባ ያሉት ሐኪሞች የጠፋው አይመለስም፣ የቀረውን በጠብታ እናቆያለን አሏቸው። ከዚያ በኋላ ወረቀት ማንበብ ስለተዉ በቃላቸው ነው የሚያስጽፉኝ። ለዚህም አዲስ ሥርዓት አወጡ። እሁድ እሁድ ባኮ ይደውላሉ፣ አብዲሳን ይጠይቁታል፤ ሐሙስ መጥተው ያስጽፉኛል።

"ሞቲው ጦር ሲሰብቁ ልጁ ምን ይላል ብዬ ጠየቅኩት" ይሉኛል።

"ምን አለ?"

"ዘር ሳይዘራ ጦር አይወጣም ይላል አለኝ። እንዲያ ብለሽ ጻፊ፤ ቃሉን እንዳለ።"

ኢፋ እየዋለ እያደረ ተናጋሪ ሆነ። ስለ አፈር ይናገራል፣ ስለ ዝናብ ይናገራል፣ አባቱ ያቃጠሉትን ማሳ እየዞረ ያስዘራል። የሚያስዘራው በቆሎ ነው።

"በዚያ ዘመን በቆሎ እዚህ አገር ነበረ?" ብዬ ጠየቅኳቸው።

ትንሽ አሰቡ። "እንደነበረ ተቆጥሮ ይነበብ" አሉኝ።

አንዴ፣ "ስለ ራሳችሁስ ታወራላችሁ?" ብዬ ደፈርኳቸው። "ስለ ራሳችን ምን አለ? ሥራ ላይ ነን" አሉ። የእሁዱ ስልክ ግን አንዳንዴ አንድ ሰዓት ተኩል እንደሚፈጅ ጎረቤቶቻቸው ነግረውኛል። ደግሞም፣ እነሱ እንዳሉት፣ ኦቦ ቶለራ ስልኩን ጆሯቸው ላይ ይዘው ዝም ብለው ነው የሚቀመጡት። እንደዚህ ደስ ብሏቸው አይቻቸው አላውቅም። ሱቄ ሲገቡ ጃንጥላቸውን እንኳ የሚረሱበት ቀን ነበር።

የመጨረሻው ሐሙስ የመጨረሻው ምዕራፍ ላይ ነበርን። ሞቲው አርጅተዋል። ኢፋን ብቻውን አስጠሩት፤ ባለሟል የለ፣ ምስክር የለ። እኔም "ምስክር አይግባ?" አልኳቸው። "ይህ በዝግ ችሎት ነው" አሉኝ። ከዚያ እንዲህ አስጻፉኝ፤

"ሞቲው አሉ፦ ኢፋ፣ ብዙ ዘመን አዘዝኩህ እንጂ አልጠየቅኩህም። ዛሬ ልጠይቅህ። ምን ዓይነት አባት ነበርኩ?"

እዚያ ላይ ይብቃን አሉ።

"መልሱስ?"

"እሱን እኔ አላውቅም። እሁድ ደውዬ እጠይቀዋለሁ።" ሲወጡ በሩ ላይ ቆም ብለው፣ "ሞቲው ፈርተው ነው እስከ ዛሬ ያልጠየቁት፤ ይህንንም ሌላ ቀን እንጽፈዋለን" አሉኝ።

ዓርብ ማታ ዐረፉ። እሁድ አልደረሱም።

ከቀብራቸው በኋላ ባለው ሐሙስ አብዲሳ መጣ። ጥቁር ለብሷል፣ ጢሙን አልተላጨም። ሰላምታ ተለዋውጠን ትንሽ ከተቀመጠ በኋላ፣ "መጽሐፉ የት ደረሰ?" አለኝ።

"አንድ ጥያቄ ቀርቶታል" አልኩት።

መጨረሻውን ገጽ አወጣሁለት። አነበበው። ተመልሶ አነበበው።

"መልሱን ነግረውሻል?"

"አልነገሩኝም። እሁድ ደውለው ሊጠይቁህ ነበር።"

አብዲሳ ፊቱን በእጅጌው ጠረገና፣ "እስቲ ተነሺልኝ" አለኝ።

ተነሣሁለት። ወንበሬ ላይ ተቀመጠና ፊደሎቹን አንድ በአንድ እየፈለገ በአንድ ጣቱ መጻፍ ጀመረ። የመጀመሪያዋ ዓረፍተ ነገር ሩብ ሰዓት ፈጀችበት። ከኋላው ቆሜ አነበብኳት፤

"ኢፋም መለሰ፦ አባቴ ይቀመጡ፣ ነገሩ ረዘም ይላል።"

ደጅ የተሰለፉትን ተማሪዎች ማሽኑ ተይዟል፣ ነገ ኑ ብዬ መለስኳቸው።